ከሃርልስደን የወጣው አይብ

ሃርልስደን፣ ለንደን
ኤፕሪል 22 ቀን 2025

ለልጄ ለጸዳለ፣

እንኳን ለትንሣኤው በዓል በሰላም አደረሰሽ። እዚያ ዌልስ ተራራ ሥር ለብቻሽ ፈሰክሽ ወይስ እንደ ጾምሽ ቀረሽ? ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ሰላምታው ሁለት መስመር፣ ጥያቄው ሁለት ገጽ ነው። አልተቀየምኩም፤ እንደኔ ያሉ አይብ ሠሪዎችን ከንጽሕና ሕግ ጋር ማስታረቅ እንጀራሽ ነው። ጆሮዬ ስልክ መስማት ከተወ ወዲህ መነጋገሪያችን ወረቀት ሆኗልና ተራ በተራ ልመልስልሽ።

ፍሪጁ ደህና ነው። የሙቀቱን ቅጽ ሞልቼ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የፍየል ወተቱ እንደ ወትሮው ማክሰኞና ዓርብ ከኤሴክስ ይመጣል፤ አንቺ እንዳስተማርሽኝ ሰባ ሁለት ዲግሪ ሳይደርስ ከእሳት አላወርደውም። ለላቦራቶሪ የሚላከው ናሙና ግን በዚህ ወር ተረስቷል። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሕዝብ በአንድ ጊዜ አይብ ሲጠይቅ ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ። ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ምግብ ቤት ያለው ባዩ ብቻውን አርባ ዕቃ ወሰደ። የሟች ጓደኛዬ ልጅ ቲጂም ከዌምብሊ መጥታ ሦስት ወሰደች። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ ሆዴ ከእርስዎ አይብ ሌላ አልቀበል አለኝ ትላለች።

ባዩ ከበዓሉ ማግሥት ሆዱን አሞት ነበር አሉ። ሥጋ አብዝቶ ይሆናል።

ለዌልሶቹ አይብ ሠሪዎችሽ ሰላም በይልኝ። እነሱንም እንደኔ ታስጨንቂያቸው ይሆናል።

ጌጤነሽ

---

ካርማርተን፣ ዌልስ
ኤፕሪል 25 ቀን 2025

እትዬ ጌጤነሽ፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ፍየል የሚያረቡ ሦስት ቤተሰቦች ይዣለሁ፤ ሦስቱም እንደ እርስዎ ግትሮች ናቸው።

ፎርሙን አየሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ደጋግሜ ነው ያየሁት። ከ16 እስከ 21፣ ጠዋትና ማታ፣ አሥራ ሁለት ቁጥር አለ። አሥራ ሁለቱም አራት ናቸው። በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ አጣጣል። የበዓል ሰሞን የፍሪጅ በር ስንት ጊዜ እንደሚከፈት አውቃለሁ፤ አንዴ አምስት፣ አንዴ ስድስት ማለቱ አይቀርም።

ልጅ ሆኜ እናቴ ከሥራ እስክትመጣ እርስዎ ዘንድ ስቆይ፣ የቤት ሥራዬን ሳልሠራ "ጨርሻለሁ" ካልኩ ደብተሬን ሳይገልጡ ያውቁብኝ ነበር። ዛሬ እኔ በእርስዎ ላይ ያንኑ እያደረግሁ ነው። ደስ አይለኝም።

በየወሩ አንድ ዕቃ ልኮ ቴስት ማስደረግ የሠፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ ሲመዘግብዎ አብረን የገባነው ቃል ነው። በርዎ ላይ የተለጠፈው አምስት ቁጥር፣ ከፍተኛው የንጽሕና ደረጃ፣ በዚያ ላይ ነው የቆመው። ናሙናው በበዓል ሰሞን ተረስቶ ከሆነ ለምን አሁንም አልተላከም?

ባዩን ያመመው በየትኛው ቀን ነው? ስንት ቀን ቆየበት? ሌላ የታመመ ሰው አለ? ቲጂ የወሰደችው በየትኛው ቀን የተሠራውን ነው? እባክዎን እነዚህን አራቱን ብቻ ይመልሱልኝ። ሌላውን ሁሉ ይተዉት።

አክባሪዎ ጸዳለ

---

ሃርልስደን
ኤፕሪል 28 ቀን 2025

ልጄ ጸዳለ፣

ይህን ስጽፍ ሁለት ወረቀት አበላሽቻለሁ።

ቅጹን የሞላሁት በአንድ ጊዜ ተቀምጬ ነው። ከስቅለት በፊት ባለው ረቡዕ የፍሪጁ መለኪያ ቁጥር ማሳየት አቆመ። ሠራተኛ ላስመጣ ብል ከበዓሉ በኋላ ካልሆነ አይሆንም አሉኝ። እጄን ከትቼ ስዳስሰው ይቀዘቅዛል። እንግዲህ አራት ነው ብዬ ጻፍኩ።

ሌላው ደግሞ ይኸውልሽ። የከለከልሽኝን ቅል አልጣልኩትም። አንቺ ባመጣሽልኝ የብረት መናጫ ዓመት ተኩል ሠራሁ፤ ክፉ አልነበረም። ግን ባለፈው ጥር ባዩ ቀምሶ ምን አለኝ መሰለሽ፣ "እትዬ፣ ይሄ የሆስፒታል ምግብ ሆኗል። ወይራ ወይራ የሚለው የት ሄደ?" አለኝ። ባቲ ላይ እናቴ ቅሉን በወይራ ሳታጥን ወተት ጨምራ አታውቅም። ቃሉ ከውስጤ አልወጣ አለ። ለፋሲካ ለስድስት ሰው ብቻ በቅሉ ናጥኩ። ወተቱን ግን በደንብ አሙቄዋለሁ፤ በልጅነትሽ ስትዋሺ ይዤሻለሁ፣ በዚህ አልዋሽሽም። ከስድስቱ አንዱ ባዩ ነው። አንዷ ቲጂ ናት። የወሰደችው የቅዳሜውን ነው።

ባዩን ከሰኞ እስከ ረቡዕ አሞት ተሻለው። ቲጂ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሥራ አልገባችም። ብርድ ብርድ ይላታል፣ ወገቧን ያማታል። ጉንፋን ነው ብላለች፤ የምትሠራበት ሱፐርማርኬት በሙሉ ጉንፋን ይዞታል ትላለች።

ስድስት ያልተሸጡ ዕቃዎች አሉ። ልጣላቸው? የአይብ መሥሪያ ክፍሉንም ከላይ እስከ ታች በበረኪና ላጥበው አስቤያለሁ።

ይህን የጻፍኩት ለጸዳለ ነው፤ ለካውንስል አይደለም። አንብበሽ ቅደጂው።

ጌጤነሽ

---

ካርማርተን
ኤፕሪል 30 ቀን 2025፣ ረቡዕ

እትዬ ጌጤነሽ፣

ደብዳቤዎን በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። አልቀደድኩትም።

ይህ በስፔሻል ዴሊቨሪ፣ በፈጣኑ ፖስታ፣ ነው የተላከው፤ ነገ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ይደርስዎታል። ሲደርስዎ ጫማዎን አድርገው ወደ ቲጂ ይሂዱ። የእሷ ስልክ የለኝም፤ ባዩ ጋ ደጋግሜ ደውዬ አያነሳም። ጉንፋን ላይሆን ይችላል። አይብ ውስጥ የሚገባ ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ አለ። እናቲቱ ላይ ጉንፋን ይመስላል፤ የሚጎዳው በሆዷ ያለውን ነው። ዛሬ ነገ ሳትል ሆስፒታል ትሂድ። ለሐኪሞቹ "ነፍሰ ጡር ነኝ፣ የፍየል አይብ በልቼ ትኩሳት ይዞኛል" ብላ ትንገራቸው። መድኃኒት አለው። ካልዘገየ።

ስድስቱን ዕቃ አይጣሉ፤ አይሽጡ። ክፍሉን አይጠቡ። ቅሉንም እንዳለ ይተዉት። ካጠቡት ከየት እንደመጣ ማወቅ አይቻልም፣ ሌሎቹን ገዢዎችም ማስጠንቀቅ አይቻልም።

ከዚያ ለካውንስሉ የምግብ ደኅንነት ክፍል ያስታውቁ። ጎረቤትዎ አኑዋር ሱቁ ውስጥ ሆኖ ደውሎ ያስተርጉምልዎ። የሸጡላቸውን ሰዎች ስም በሙሉ ይስጡ። ቅጹን እንዴት እንደሞሉትም ይንገሩ።

እርስዎ ራስዎ ቢናገሩ ይሻላል። ግን ነገ ሐሙስ ቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን እኔም እደውልላቸዋለሁ፤ አስታውቀው ካገኘሁ እሰየው፣ ካላስታወቁ እኔ እናገራለሁ። ለጸዳለ ነው የጻፍኩት ብለዋል። ጸዳለ ይህን አንብባ እንዳላነበበች መሆን አትችልም።

ይቅር ይበሉኝ።

ጸዳለ

---

ሃርልስደን
ሜይ 2 ቀን 2025

ለክብርት ወይዘሪት ጸዳለ፣

እንዳዘዙኝ አድርጌያለሁ።

ደብዳቤዎ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰኝ። በ18 ቁጥር አውቶቡስ ዌምብሊ ሄድኩ። የቲጂ ባል በሩን ከፈተልኝ፤ ተኝታለች አለኝ። ቀስቅሳት አልኩት። ለምን ሲለኝ ነገርኩት። በሕይወቴ ለሰው የነገርኩት ከባዱ ነገር እሱ ነው። ወዲያው ታክሲ ጠራ። እኔ ከደጅ ቆሜ ቀረሁ።

አኑዋር ለካውንስሉ ደወለልኝ። አምስት ሰዓት አልሞላም ነበር። ስለዚህ የእርስዎ ቀጠሮ ሳይደርስ ጨርሻለሁ።

ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዎች መጡ። ሁሉንም በጥጥ እየጠረጉ በትናንሽ ጠርሙስ ወሰዱ። ቅሉን በላስቲክ ጠቅልለው ሲወስዱ አንደኛዋ ልጅ ጓንት ባጠለቀው እጇ ከራሷ አርቃ ነበር የያዘችው። በበሩ ላይ የነበረውን አምስት ቁጥር አንሥተው የተዘጋ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ለጠፉ። አላፊ አግዳሚው ያነበዋል። የገዙትን ሁሉ ስም ሰጥቻለሁ፤ ዘጠና አንድ ቤት ነው። ቅዳሴ አብሮኝ የሚቆመው ሰው ሁሉ ከካውንስል ይደወልለታል።

ቲጂን ሆስፒታል አስተኝተዋታል። ከዚህ የበለጠ የነገረኝ የለም፤ ልጠይቅም አልችልም።

ከእንግዲህ አይጻፉልኝ።

ጌጤነሽ

---

ካርማርተን
ሜይ 9 ቀን 2025

እትዬ ጌጤነሽ፣

አይጻፉልኝ ብለውኛል። ይህን ሳይከፍቱ ቢያስቀምጡትም አይከፋኝም።

እርስዎ ብለው ሲጠሩኝ ምን እንደሚሰማ ያውቁት እንደሆነ እንጃ። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ አንቺ ነበርኩ። ይገባኛል ግን።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ስለ ቲጂ የሰሙት ነገር ካለ፣ በአንድ ቃልም ቢሆን ይጻፉልኝ። ካውንስሉን ብጠይቅ የታማሚ ጉዳይ ነው ብለው አይነግሩኝም። እዚህ ከሰው ጋር እያወራሁ እንኳ ሐሳቤ እሷ ጋ ነው።

ጸዳለ

---

ሃርልስደን
ሜይ 22 ቀን 2025

ለጸዳለ፣

ቲጂ በወሩ መጀመሪያ እሑድ ተገላግላለች፤ ያለ ጊዜዋ ነው። ሴት ልጅ ናት፤ ኤዶም ብለዋታል። ሁለት ኪሎ አትሞላም፤ ኢንኩቤተር ውስጥ ናት። ይህን የነገረኝ ባዩ ነው። እኔ አልሄድኩም፤ የጠራኝም የለም።

ከዚህ ጋር ያለው ወረቀት ከካውንስሉ የመጣ የላቦራቶሪ ውጤት ነው። ዘጠኝ ገጽ ነው። አኑዋር ሊያነብልኝ ሞከረ፤ ግማሹ የላቲን ስም ነው ብሎ ተወው። የቤተ ክርስቲያን ልጆችን እንዳልጠይቅ አፈርኩ። ስለዚህ ተመልሼ አንቺው ጋ መጣሁ፤ ሌላ የለኝም።

ስለ ቅሉ የሚለውን ገጽ ፈልገሽ በአማርኛ ጻፊልኝ። በገዛ እጄ ያደረግሁትን በገዛ ዓይኔ ማንበብ እፈልጋለሁ። ለቲጂ እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስትሞት ልጅሽን አደራ ተቀብያለሁ ብያት ነበር። አታቅልይልኝ።

ጌጤነሽ

---

ካርማርተን
ሜይ 29 ቀን 2025

እትዬ ጌጤነሽ፣

ወረቀቱ ከደረሰኝ አምስት ቀኔ ነው። በደረሰኝ ዕለት አንድ ደብዳቤ ጽፌልዎ ነበር። ውሸት አልነበረበትም፤ ነገር ግን ገጽ ስድስትን ዘልዬ ነበር። እንግሊዝኛውን እንደማያነቡት አውቃለሁ። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ድረስ ይዤው ሄጄ ተመለስኩ። ያንን ቀድጄዋለሁ።

ገጽ አራት ስለ ቅሉ ነው። ከሦስት ቦታ ናሙና ወስደዋል፤ ሊስቴሪያ አልተገኘበትም። ይህ ማለት ቅል ለሥራ ይሆናል ማለት አይደለም፤ በዚህኛው ጉዳይ ግን የመጣው ከእሱ አይደለም።

ገጽ ስድስት እንዲህ ይላል፦ ባክቴሪያው የተገኘው አይቡ ከአጓቱ ከሚጠልበት የብረት ጠረጴዛ ሥር፣ እግሩ ከተበየደበት ስንጥቅ ውስጥ ነው። በቲጂ ደም ውስጥ ከተገኘው ጋር አንድ ነው። በቅል የተናጠውም በብረት የተናጠውም በዚያ ላይ አልፏል። ዘጠና አንዱም ቤት።

ጠረጴዛውን ከተዘጋ ምግብ ቤት ገዝቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ። "ያገለገለ ነው፤ ይሆናል?" ብለው ጠይቀውኛል። ይሆናል አልኩ። ላዩን አየሁ፤ ሥሩን ጎንበስ ብዬ አላየሁም። ቼክሊስቱ ላይ ግን "ተመርምሯል" ብዬ ፈርሜያለሁ። እርስዎ አራት ብለው እንደጻፉት ማለት ነው።

አታቅልይልኝ ስላሉ የእርስዎንም እጽፋለሁ። ካውንስሉ ሲለካው ፍሪጁ ዘጠኝ ዲግሪ ነበር። በኔ ጠረጴዛ የገባው በእርስዎ ፍሪጅ በዛ። የወሩ ናሙና በጊዜው ተልኮ ቢሆን ምናልባት ቀድሞ ይያዝ ነበር።

ሌላም አለ። ያን ረቡዕ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ወዲያው መደወል ነበረብኝ። በራስዎ አፍ ይናገሩ ብዬ አንድ ቀን ሰጠሁዎት። ያንን ቀን የሰጠሁት ከቲጂ ቀንሼ ነው።

ለአለቃዬ ለሲላስ ሁሉንም ጽፌ ሰጥቻለሁ። ምርመራው እስኪያልቅ ከሥራ ታግጃለሁ።

ጸዳለ

---

ሃርልስደን
ጁን 4 ቀን 2025

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቅሌ ነጻ መውጣቱን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ወዲያው በደስታዬ አፈርኩ። ቀጥሎ በአንቺ ተናደድኩ። አንድ ወር ሙሉ በቅሌ ምክንያት ራሴን ስወቅስ ከረምኩ፣ ለካ ጠረጴዛሽ ነው አልኩ። ሦስተኛ ሳነበው ግን ዘጠኝ ዲግሪ የምትለዋ ላይ ዓይኔ ቆመ። እሷ የኔ ናት።

ሰኞ ዕለት ቲጂ ራሷ ላከችብኝ። ሆስፒታል ሄድኩ። ልጅቷን በመስታወት አየኋት፤ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አለ። ቲጂ ወንበር ላይ ነበረች፤ ከስታለች።

"ያን ሐሙስ ባይመጡ ኖሮ ተኝቼ ነበር የምጠብቀው" አለችኝ። "ሐኪሙ አንድ ቀን ብትዘገዪ ኖሮ ብሎኛል።"

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበች።

"ግን ሲሸጡልኝም ያውቁ ነበር።"

"አላውቅም ነበር ልጄ።"

"የፍሪጁ መለኪያ መበላሸቱን ያውቁ ነበር።"

"እሱን አውቅ ነበር" አልኳት።

አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ በእሷ ፊት ማልቀስ መብቴ መስሎ አልታየኝም።

ስለ ጠረጴዛው አልነገርኳትም። ካውንስሉ አንድ ቀን በወረቀት ይልክላት ይሆናል። አንቺን ወክዬ ይቅርታ ልጠይቅልሽ አልችልም፤ ላጋልጥሽም አልፈልግም። ይህ የራስሽ አፍ የሚናገረው ነው። እኔን እስከ ሐሙስ ብለሽኝ ነበር። እኔ ቀን አልቆርጥብሽም፤ ግን ብዙ አትቆዪ።

ጌጤነሽ

---

ካርማርተን
ጁን 9 ቀን 2025

እትዬ ጌጤነሽ፣

ቅዳሜ በጠዋቱ ባቡር እመጣለሁ። ኤዶም ከሆስፒታል ወጥታ ከሆነ ዌምብሊ፣ ካልወጣችም ሆስፒታል እሄዳለሁ። አብረውኝ እንዲመጡ አልለምንዎትም። ቢመጡ ግን ደስ ይለኛል።

ጸዳለ

---

ሃርልስደን
ጁን 16 ቀን 2025

ልጄ ጸዳለ፣

በደኅና መግባትሽን ጻፊልኝ። ባቡሩ እንዳያመልጥሽ ብለሽ ከቲጂ ቤት ሻይሽን ሳትጨርሺ ነው የወጣሽው። ስለዚህ ከወጣሽ በኋላ የሆነውን አታውቂም።

ስለ ጠረጴዛው ነግረሻት ከሄድሽ በኋላ ቲጂ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ባሏ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ እሱ ገና አልበረደለትም፣ አልፈርድበትም። ከዚያ ቲጂ "የአይብ ክፍልዎን መልሰው ሊከፍቱ ነው?" አለችኝ። ካውንስሉ አዲስ ጠረጴዛና አዲስ ፍሪጅ ካስገባሽ እናያለን ብሎኛል፤ እኔ ግን ገና አልወሰንኩም አልኳት።

"ከከፈቱ ማን ነው ቼክ የሚያደርገው?"

"ካውንስሉ ሰው ይልካል።"

"ከእነሱ በፊት ጸዳለ ትየው" አለች።

"የሳተችው እኮ እሷ ናት" አልኳት።

"ለዚያ ነዋ። ከእንግዲህ እሷ አንድ ነገር ሳታይ የምታልፍ ይመስልዎታል?"

ይቅር ብላሻለች አልልሽም። እኔንም ይቅር አላለችኝም። አይቡን ዳግመኛ አልበላም አለች፤ አልለመንኳትም። የልጅቷ ጆሮ በደንብ ይሰማ እንደሆነ ሐኪሞቹ ገና አልነገሯቸውም፤ በሚቀጥለው ወር ደግመው ይመረምሯታል። ቲጂ ይህን ስትነግረኝ ወደ እኔ ጆሮ ተጠግታ፣ ጮክ ብላ ነበር የምትናገረው።

ልነሣ ስል ልጅቷ አለቀሰች። ቲጂ ጡጦዋን ልታዘጋጅ ወደ ማድቤት አመራች፤ ባልየው ከውስጥ አልወጣም። መሐል መንገድ ላይ ቆም ብላ ወደ እኔ ዞረች። ብዙ አየችኝ።

"እስኪ ይያዙልኝ" አለች።

መታጠቢያ ቤቱ የት ነው ብዬ ጠየቅኋት። እጄን እስከ ክርኔ ታጠብኩ። ደግሜ ታጠብኩ። ከዚያ መጥቼ ያዝኳት።

ጌጤነሽ